ለበረሃው ፖስታ ቤት አሥራ ሁለት ቦርሳ

ልጄ «በረሃ ሄጄ ፖስታ ቤት ልሠራ ነው» ያለችኝ ቀን እኔ ገና ከፖስታ ቤት መግባቴ ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ ያበጠ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መስኮት ላይ ቆሜ ቴምብር ስሸጥ፣ ጥቅል ስመዝን፣ ሰልፉ ረዘመብኝ ብሎ የሚቆጣውን ሁሉ ሳባብል አሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ መልሼ ጠየቅኋት። ያንኑ ደገመችልኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከእኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከአንዲት የኮሌጅ ጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች፤ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ያመማቸው ሰዎች ለፊዚዮቴራፒ የሚመጡበት ክሊኒክ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ትመጣለች። ልብሷን ታጥባለች፣ ምሳዋን ትበላለች፣ ስልኳን እያየች ትንሽ ታጫውተናለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ግን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

በምዕራብ በኩል፣ ከእኛ የአራት ቀን መንገድ የሚርቅ፣ ውሃው የደረቀ ሐይቅ አለ አለችኝ። በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ብዙ ሺህ ሰው ድንኳን ተክሎ አንድ ሳምንት ይሰነብትበታል። መሸጥና መግዛት የለም፤ ሁሉም ያለውን ይዞ መጥቶ ለሌላው ይሰጣል። አንዱ ምግብ ያበስላል፣ አንዱ ብስክሌት ይጠግናል፣ አንዱ ሙዚቃ ይጫወታል። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ፖስታ ቤት ይከፍታሉ። ሰው ፖስትካርድ ይጽፍና ሰልፍ ይይዛል፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን ከማተሟ በፊት ዘፈን ታዘፍነዋለች፣ ወይም የሚያሳፍር ታሪክ ንገረኝ ትለዋለች። ለዚያው ሰፈር የተጻፈውን በብስክሌት ከድንኳን ድንኳን ያደርሳሉ። ለውጭ የተጻፈውን ቅርብ ካለው ከተማ ፖስታ ቤት ወስደው ያስገባሉ።

ባለቤቴ ቤልትስቪል ካለው መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ ገብቶ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ነበር ይህን የሰማው። ሳቀ። «እናትሽ እዚህ ቆማ የምትሠራውን ለመሥራት አገር አቋርጠሽ ትሄጃለሽ? ያውም በነጻ?» አላት። እሷም አብራው ሳቀች።

እኔን አላሳቀኝም። ልጄ በሕይወቷ አንድም ቀን እኔ የምሠራበት መስኮት ጋ መጥታ አታውቅም። አምስተኛ ክፍል ሆና ወላጆቻችሁን አምጡና ስለ ሥራቸው ይናገሩ ሲባል ያኔ ታክሲ ይነዳ የነበረውን አባቷን ነው የወሰደችው። የኔን ሥራ ማንም ያውቀዋል፣ ደስ አይልም ብላኝ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ናት ብዬ ተውኩት እንጂ አልረሳሁትም።

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» አልኳት። የማን ስም እንደምትጠራ ግን አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

አንዲት ሴትዮ ናት፤ ካወቀቻት ስድስት ወር ቢሆናት ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ልጄ ወደምትሠራበት ክሊኒክ የመጣች አሜሪካዊት። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ተራዋን ስትጠብቅ ከልጄ ጋር ያወራሉ። ሕክምናው ሲያልቅ ወሬያቸው አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ልጄ አፏን በከፈተች ቁጥር እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲህ ሠራች ሆነ። አንድ ቀን ሾርባ ሠርቼ ስጠብቃት ሴትዮዋ ጋ በልታ መጣች። ሌላ ቀን ስለ መኪናዋ ጎማ ልነግራት ስል ሴትዮዋ አስቀይራላታለች። መጥፎ ነገር ስላደረገችባት አልነበረም የከፋኝ። መጥፎ ብትሆን ኖሮ አፍ አውጥቼ እናገር ነበር።

ልጄ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ለጉዞው የሚዘጋጀው ዕቃ ዝርዝር ነበር፤ የውሃ ጀሪካን፣ የአቧራ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ፣ ማኅተም፣ የማኅተም ቀለም፣ አቼቶ። አቼቶው ምን ያደርጋል ብላት የበረሃው አቧራ እግር እንደሚሰነጥቅ፣ በአቼቶ ሲታጠቡት ደግሞ እንደሚሻል ነገረችኝ። ከታች «አሥራ ሁለት የፖስታ ቦርሳ» የሚል አለ። በእሱ ትይዩ በልጄ እጅ ጽሕፈት የተጻፈው እኔ ነኝ፤ «ማሚ» ይላል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ውስጥ ጥሩ የስፌት መኪና አለኝ። ልጄ እንዳለችው ሴትዮዋ ቦርሳዎቹን በኢንተርኔት ልታዝ ስትል «እናቴ ከዚያ የተሻለ ትሰፋለች» ብላ አስቁማታለች። ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ደስታዬን እንዳታይብኝ «ጊዜ ካገኘሁ» አልኳት። ስትነሳ ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ዞር ብላ የአንዱን ቦርሳ ማንገቻ ረዘም እንዳደርገው ነገረችኝ። የሴትዮዋ ነው፤ ረጅም ናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸራ ልንገዛ ፎልስ ቸርች ከተማ ወደሚገኝ የጨርቅ መደብር አብረን ሄድን። ብቻዬን ይዣት መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እዚህ አገር ክረምቱ ሞቃት ነው፤ መስኮት ከፍተን ነው የነዳሁት። መደብሩ ውስጥ ሸራውን በጣቴ እያሸሁ፣ የትኛው ፀሐይ እንደሚችል፣ የትኛው መርፌ እንደሚሰብር ሳስረዳት በእውነት ታዳምጠኝ ነበር። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት። ልጄ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍታ አሁን እኔ የነገርኳትን ሁሉ አንድ ባንድ ነገረቻት። አብረው ሳቁ። ያ ሳቅ ከኔ ጋር ስትሆን የማትስቀው ሳቅ ነው። ቤት እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ደግማ ደወለች።

ቤት ገብተን ሸራውን እንደለካሁ ልጄ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ማኅተም ስትመታ ቀለሙ እየተጨማለቀ አስቸግሯታል። ሥራ ላይ እንዴት እንደምታደርጉት አሳዪኝ አለችኝ። ከቦርሳዋ ሴትዮዋ ከጎማ የቀረጸችውን ማኅተም አወጣች፤ ግመል ደብዳቤ በአፉ ይዞ ይታያል። ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ መሆኑም አናደደኝ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ አሳየኋት። «አትጫኚው። ቀለሙን በስሱ አስነኪው፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርገሽ አሳርፊው፣ ከዚያ እጅሽን ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ አወዛውዢው። አንሺው። በቃ» አልኳት። ግመሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ቀና ስል ልጄ በስልኳ እየቀረጸችኝ ነው። እጄን ለማስታወሻ ልታስቀረው መስሎኝ ሆዴ ባባ። «ለእሷ ልልክላት ነው፣ ሁላችንም እንድንለማመድ» አለችኝ።

ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት።

ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ዕቃ የሚታሸግበት እሑድ ደረሰ። ሴትዮዋ እኔም እንድመጣ ጋበዘችኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ማየት ፈለግሁ። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ልጄ መጥታ ወሰደችኝ።

አሌክሳንድሪያ ያለው ቤቷ ትንሽ ነው፣ ጋራዡ ግን ትልቅ ነው። በሩ ተከፍቶ ካርቶን እስከ ጣራው ተደርድሯል። መሃል ላይ ባሏ የሠራው የእንጨት መስኮት ቆሟል፤ መደርደሪያ አለው፣ ለሚዛን የሚሆን ቦታ አለው፣ ከላይ በቀይ ቀለም «ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ሦስት አራት ሰዎች ፖስትካርድ በላስቲክ እየጠቀለሉ ነበር። ሴትዮዋ በቁምጣ ናት፤ ነጭ ፀጉሯን አንድ ላይ ጎንጉናዋለች፣ ጉልበቷን በላስቲክ ፋሻ ጠምጥማዋለች። እየሮጠች ማለት ይቻላል መጥታ አቀፈችኝ። ቋንቋችን እንግሊዝኛ ሆኖ እንጂ በአማርኛ ብናወራ በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። አልላትም ነበር።

ልጄ ቤቱን እንደ ቤቷ ታውቀዋለች። መቀስ የት እንዳለ ሳትጠይቅ ታወጣለች፤ ፍሪጅ ከፍታ ውሃ ታመጣልኛለች። ማንም አልጠየቃት፣ ማንም አላመሰገናት። እኔ እንግዳ ሆኜ ወንበር ተሰጠኝ።

ምሳ ሰዓት ሲሆን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ፣ ሥጋ፣ አይብ ተደረደረ። ሴትዮዋ ግን በእጄ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝና የተሸፈነ ሳህን ገለጠችልኝ። ምስር፣ ሩዝና ሰላጣ ነው። «ይሄ የአንቺና የልጅሽ ነው። ወተትም እንቁላልም ቅቤም የለበትም፤ ልጅሽ ጾሙ ከገባ ጀምሮ እዚህ ስትመጣ እንዲህ ነው የማበስልላት። እስከ ኦገስት ሃያ ሁለት ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ እስከ ሃያ ሁለት ነው» አልኳት።

ልጄ እንደምትጾም አላውቅም ነበር። ኮሌጅ እንደገባች አልጾምም ብላን ተጣልተናል። አንድ ዓመት ሙሉ ስንነታረክ ከርመን ደክሞኝ መጠየቅ ትቻለሁ። በጾም ወቅት እኛ ቤት ስትመጣ የሚቀርበው የጾም ምግብ ነው፤ በልታ ትሄዳለች። ያ ጾም ይሁን ምሳ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ይቺ የማታውቀኝ ሴትዮ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ታውቃለች። ምስሩን በላሁት። ጥሩ ነበር፤ ጨው ብቻ አነሰው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኋት። «መጾም ጀመርሽ?»

«የስ» አለችኝ፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

አማርኛውን እየፈለገች፣ ሲጠፋት በእንግሊዝኛ እየሞላች እንዲህ አለችኝ፤ «ብነግርሽ ለማኅበሩ ሁሉ ትነግሪያለሽ። ያኔ ያንቺ ይሆናል። የራሴ እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

እውነቷን ነው። እነግር ነበር። በማግሥቱ ስልክ እየደወልኩ እነግር ነበር። እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደልኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ።

ሰኞ ዕረፍቴ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ሄዷል። ቤዝመንት ወርጄ የቀሩትን አራት ቦርሳዎች መስፋት ጀመርኩ። የፖስታ ቦርሳ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ማንገቻው ከአፉ ጋር የሚጋጠምበት ላይ ነው። እዚያ ላይ አራት ማዕዘን አድርጌ እሰፋለሁ፤ መሃሉን በመስቀለኛ አቋርጬ ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ሰው ቢንጠለጠልበት አይለቅም። ሦስቱን እንዲያ አድርጌ ጨረስኩ። የመጨረሻው ማንገቻው ረጅሙ ነበር።

የስፌቱን ርዝመት አላልቼ አንድ መስመር ብቻ ሰፋሁበት። ጫፉን አልቋጠርኩም፣ አልደገምኩትም። በላዩ ጠርዙን አጥፌ ስለሸፈንኩት በዓይን አያስታውቅም። መኪናው አልተበላሸም፣ ክሩም አላለቀብኝም። አውቄ ነው ያደረግሁት። እየሰፋሁ ሴትዮዋ በዚያ በረሃ መሃል ብስክሌት ላይ ሆና ማንገቻው ሲበጠስ፣ ደብዳቤው በነፋስ ሲበተን፣ ልጄ ቆማ ስታያት ይታየኝ ነበር። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ቦርሳውን ከሌሎቹ ጋር አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ወደ ላይ ወጥቼ እጄን ታጠብኩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ልጄ ቅዳሜ መጥታ ቦርሳዎቹን ወሰደች። ሁሉንም ተራ በተራ አንግታ በመስታወት አየቻቸው፤ ረጅሙን ስታነግተው እስከ ጉልበቷ ደረሰና ሳቀች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ነው የሚነሱት።

ሰኞ መስኮቴ ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ፖስታ ይዛ መጣች፤ ወደ ሌላ ስቴት ለልጇ የምትልከው ነው። ቴምብር ሰጠኋትና ለጠፈችው። ልትሰጠኝ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ የፖስታውን ክዳን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ዳሰሰችው። እንደገና ዘርግታ እንደገና መለሰችው። «ይደርሳል አይደል?» አለችኝ። እኔ ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመልስ አላውቅም። «ይደርሳል» አልኳት። ፖስታውን ከኋላዬ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። የሴትዮዋን ቦርሳ ሳላላ የታየኝ የእሷ መዋረድ ብቻ ነበር። ደብዳቤ ጽፈው በእሷ ቦርሳ የሚልኩትን አላሰብኳቸውም።

አለቃዬን ለማክሰኞ ጠዋት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠየቅሁ። ወፍራም መርፌና በሰም የታሸ ክር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጠዋት በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ቆሞ ነበር፤ ይሄዱብኛል ብዬ መሪውን በጥፍሬ ስቧጥጥ ቆየሁ።

ስደርስ የሚሄዱበት ትራክ ዕቃው ተጭኖበት ደጁ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ብቻዋን ገመድ ታስራለች። ልጄ በረዶ ልትገዛ መሄዷን ነገረችኝ። አንድ ስፌት ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። የትኛውን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ከትራኩ ጋቢና የራሷን ቦርሳ አምጥታ ሰጠችኝ።

ማንገቻው እንደገና ተሰፍቷል። በጥርስ ማጽጃ ክር ነው፤ ነጭ፣ ጠማማ፣ አስቀያሚ፣ ግን የማይበጠስ።

«ይሄ ብቻ ነበር የላላው» አለች። «የስፌት መኪናው ደክሞት ይሆናል ብዬ ነበር።»

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «መኪናው አይደለም። እኔ ነኝ። አውቄ ነው» አልኳት።

ቀስ ብላ የትራኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የታመመ ጉልበቷን ዘረጋችው። አልተቆጣችም፣ አላባበለችኝም። «እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ አሥራ አንዱ በጣም ጥሩ ናቸው» አለች። ለልጄ ነግራት እንደሆነ ጠየቅኋት። አልነገረቻትም። ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቀችኝም፤ እኔም ልነግራት አልቻልኩም። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል እንኳ አላውቅም ነበር። በጥንቃቄ የጠየቀችኝ አንድ ነገር፣ ጊዜ ካለኝ ስፌቱን ላሳምርላት እችል እንደሆነ ነው።

አጠገቧ ተቀምጬ የጥርሱን ክር ፈታሁት። እሷ ሸራውን ወጥራ ይዛልኝ እኔ በእጄ ሰፋሁት፤ አራት ማዕዘን፣ መሃሉ መስቀለኛ፣ ሦስት ጊዜ። ስሰፋ ስለ ባሏ አወራችኝ። በየዓመቱ አብረው ነበር የሚሄዱት፤ የእንጨቱን መስኮት የሠራው እሱ ነው፣ ዘንድሮ ያለ እሱ የመጀመሪያዋ ነው። ልጄን አብረሽኝ ሂጂ ያለቻት ብቻዋን መሄድ ፈርታ እንደሆነ ነገረችኝ። አዘንኩላት። ያ ሁሉ ሰው እያለ ለምን የኔን ልጅ ብዬም አሰብኩ።

ልጄ በረዶውን ይዛ ስትመጣ ሁለታችንን አንድ ላይ ተቀምጠን አገኘችን። «ማሚ? ሥራ የለሽም እንዴ?» አለች። ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት አልኳት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንግታ ገመዷን ወደ ማጥበቅ ዞረች።

ሊነሱ ሲሉ ሴትዮዋ የቤቷን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። ቲማቲሟን ውሃ ሊያጠጣላት የነበረው ጎረቤቷ ድንገት መንገድ ሄዷል፤ እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቅ እል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሩብ ሰዓት የነገርኳትን ነገር የሰማች ሴት ቁልፏን ለእኔ መስጠቷ አስደነገጠኝ። ቁልፉን ይዤ ትራኩ ከመንገዱ እስኪታጠፍ ቆምኩ።

አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ቲማቲሙን አጠጣሁ፣ የበሰለውን ለቀምኩ። በሁለተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ስፈልግ አንድ ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ አየሁ። አንድ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ጋቢ ተጥሏል። ከቤት የወጣች ዕለት ለልጄ የሰጠኋት ጋቢ ነው። ጥለቱን ራሴ መርጬ ነው ያሠራሁት። አነሳሁት፤ የፀጉሯ ቅባት ይሸታል። እዚህ ታድራለች ማለት ነው። አጣጥፌ መኪናዬ ውስጥ ከተትኩትና ይዤው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ።

ባለቤቴ አይቶ «ይሄ የልጅቷ አይደለም እንዴ?» ሲለኝ ከመሄዷ በፊት እንዳጥብላት ሰጠችኝ ብዬ ዋሸሁት። እውነትም አጠብኩት። በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ሦስተኛው ቀን ስሄድ መልሼ እዚያው አልጋ ላይ አስቀመጥኩት፤ ግን እኔ እንደማጥፈው አጥፌ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥቼ። ሴትዮዋ ስትመለስ የማን እጅ እንደነካው እንድታውቅ ፈለግሁ።

በመስከረም መጀመሪያ ተመለሱ። ልጄ በቀጥታ እኛ ቤት መጣች፤ ይህንን እንደ ድል ነው የቆጠርኩት። ፀጉሯ በነጭ አቧራ ደርቋል፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። የእግር መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃና አቼቶ አድርጌላት እግሯን ነክራ ስታወራ አመሸች። ሰው በዚያ ሙቀት ሰልፍ ይዞ ይጠብቃቸዋል። አንድ ትልቅ ሰው በእጅና በጉልበቱ ተንበርክኮ እንደ ፍየል ጮኾ ካርዱን አሳትሟል። አንድ ሌላ ሰው ለሞተ አባቱ ጻፈና አድራሻው ላይ ስሙን ብቻ አድርጎ ሰጣት። ምን አደረግሽ አልኳት። ምንም አላዘፈነችውም፤ በጥንቃቄ አተመችለትና ከሌሎቹ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር አልኳት፤ ባይፈቀድም።

ከዚያ መጠየቅ የፈለግሁትን ጠየቅሁ። ያን ሁሉ ካርድ ስታትሚ ለእኔ አንድ አልላክሽም?

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ረስታዋለች። በእውነት ረስታዋለች። «ከካርዱ በፊት እኔ እደርሳለሁ ብዬ...» አለችና አልጨረሰችውም። ለሴትዮዋ ጽፋላት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሌላ ውሃ ላሞቅ ተነሳሁ።

በሚቀጥለው የፀደይ ወራት ልጄ ምዕራብ ጠረፍ ያለ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብላ ነገረችኝ። በረሃው ላይ የተዋወቀቻቸው ልጆች ናቸው ያገናኟት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሄዳለች። እኔ ያደረግሁትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሻንጣዋን አብሬ አዘጋጀሁ። በነገረችኝ ማግሥት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት። ድምፅዋ ጎርንኗል። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር። አንቺስ?»

«ትናንት ነው የነገረችኝ።»

ትናንት ለእኔ የነገረችኝ ጠዋት ነው። ለእሷ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት አሰኝቶኝ ነበር። ልጄ ጥላን ስትሄድ፣ ልቤ እንዲያ ተሰብሮ እያለ፣ ከስብራቱ ሥር ትንሽ ደስታ ነበረች፤ እሷም አላወቀችም የምትል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር።

ልጄ ከሄደች ጀምሮ በየክረምቱ አሌክሳንድሪያ ያለው ጋራዥ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ ሁለተኛውን ጉልበቷንም አስቀይራለች፤ ወደ በረሃው መሄድ ትታለች፤ ዕቃውን እያዘጋጀች ለሌሎቹ ታስረክባለች። እኔ የተቀደደ ቦርሳ እጠግናለሁ፣ አዳዲሶቹን ልጆች ማኅተም አያያዝ አሳያለሁ። ጓደኛሞች ናችሁ ወይ ብትሉኝ መልሱን አላውቀውም። በጾም ስሄድ ምስር ትሠራልኛለች፤ አሁን ጨው ጨምራለች። ልጄ ለእኔ እሑድ ትደውላለች፣ ለእሷ ማክሰኞ። ምን ያህል እንደሚያወሩ ላለመጠየቅ ራሴን ይዣለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አምልጦኛል።

ባለፈው ረቡዕ ሴትዮዋ ስለ ሸራ ልትጠይቀኝ ደውላ በመሃል «ልጅሽ ፀጉሯን እንዲያ ማሳጠሯ አላማረባትም?» አለችኝ።

«አዎ፣ አምሮባታል» አልኳት።

አላየሁም ነበር። ስለ ሸራው አሥር ደቂቃ ያህል በትዕግሥት አወራን፤ ስልኩን እንደዘጋሁ ለልጄ ደወልኩ።